ወደ ኋላ አልሄድ ያለው ወንበር

ከባሌ ጋር ስንፋታ መኪናዋ በስሙ ስለነበረች እሱ ወሰዳት። አሁን ሊሸጣት መሆኑን ስሰማ አላስቻለኝም፤ መልሼ ልገዛት ቆርጬ ደላላው ዘንድ ሄድኩ። ማን እንደሆንኩ ግን አልነገርኩትም።

"እትዬ፣ እንዲህ ያለች መኪና አያገኙም" አለኝ ኮፈኗን በመዳፉ እየዳበሰ። "ባለቤትየው እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የያዛት። ሚስቱን እንኳ አንድም ቀን መሪ አላስያዛትም፤ ታበላሽብኛለች ብሎ።"

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ልጆቹን ትምህርት ቤት፣ እናቱን ሐኪም ቤት ያመላለስኩባት እኔ ነኝ። እሱ ከጎኔ ተቀምጦ "ቀስ በይ" ከማለት በቀር ሥራ አልነበረውም።

ቁልፉን ከደላላው ተቀብዬ ገባሁና መሪውን ያዝኩ። እግሬ እንደ ድሮው ፍሬኑ ላይ ልክ አረፈ።

"እንከኗ ይሄ ወንበር ብቻ ነው" አለ ደላላው። "ወደ ፊት እንደተሳበ ዝጎ ቀርቷል። ያ ዛፍ የሚያክል ሰውዬ እንዴት ተጣጥፎ ይነዳት እንደነበር እንጃለት።"

ለካ የገዛ ድካሜን ከእሱ ልገዛ ነው የመጣሁት።

"ነድቷት አያውቅም" አልኩና ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ።