የጓሮው ጠማማ ዛፍ

«ዛሬም መጥታለች» አለች ፀሐይወርቅ፣ በወጥ ቤቱ መስኮት ወደ ጓሮ እያየች።

ከአጥሩ በር እስከ ጠማማው ዛፍ ድረስ በረዶው ላይ የሴት ቦት ጫማ ዱካ ታትሟል። ባሏ መርዕድ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሳሎኑ በለቅሶ ደራሽ ሞልቷል።

«ማን?» አለቻት ጎረቤቷ አበበች፣ ሻይ እየቀዳች።

«ሠናይት ናታ! ያቺ ኤሪን ውድስ ሰፈር የምትኖረው። ትናንት ከአጥሩ በር ስትወጣ አይቻታለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ‹ኦቨርታይም አለብኝ› እያለ የት ይሄድ ኖሯል መሰለሽ?»

«ኧረ ቀስ በዪ፣ ሰው ይሰማል።»

ዛፉን መርዕድ ያመጣው እንደ ፈረንጆቹ በ1991፣ ቴምፕል ሰፈር ቤት የገዙ ጊዜ፣ ከሚሠራበት ችግኝ ጣቢያ ነው። ቅርንጫፉ ሁሉ እንደ ተፈታ የሹራብ ክር የተጠማዘዘ ነው። «ከስንቱ ዛፍ በሽተኛውን መረጥክ?» ብላ ስቃበት ነበር።

«ሰመር ላይ ሁሉም ያምራል። ይሄን ዊንተር ላይ እዪው» አላት።

አንድ ማርች፣ እሱ ሥራ እንደ ሄደ፣ ላስደስተው ብላ መጋዝ አነሣች። ጠማማ ጠማማውን የደረሰችበትን ያህል ቆርጣ ከሥር የበቀሉትን ቀጥ ያሉትን አስቀረችለት። መርዕድ መጥቶ ሲያይ አልተቆጣም፤ ራቱን ግን ሳይበላ ተኛ። ከዚያ ወዲህ ቅርንጫፍ የሚያስተካክልበትን የዛፍ መቀሱን ቤት ውስጥ አይታው አታውቅም።

የአጥሩ በር እንደገና ሲጢጥ ሲል ሰማች። ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ወጣች። ሠናይት ዛፉ ሥር ተንበርክካለች፤ መቀሱ እጇ ላይ ነው።

«የባሌ መቀስ አንቺ ጋ ምን ይሠራል?»

ሠናይት ደንግጣ ተነሣች። «ሶሪ እትዬ። ጋሼ ናቸው የሰጡኝ። ቅዳሜ ሺፍት ችግኝ ጣቢያው አብረን ነበር የምንሠራው።»

«እና እንደ ሌባ በጓሮ ትገቢያለሽ?»

«ሆስፒታል እያሉ ፕሮሚስ አስገቡኝ። ጠማማው ሌላ ግንድ ላይ የተቀጠለ ነው፤ ይሄ ቀጥ ያለው ከታችኛው ግንድ ነው የሚወጣው። ካልተቆረጠ ጠማማውን ይገድለዋል። እርስዎ እንዳያዩኝ አሉ።»

«ለምን?»

ሠናይት አቀረቀረች። «‹ያኔ የቆረጠችው ለኔ ብላ ነው፤ ዛፉን እንደጎዳችው ካወቀች ይጸጽታታል› አሉኝ።»

ፀሐይወርቅ አፈረች። የሦስት ቀን ለቅሶዋ ግማሹ ንዴት ነበር።

«የቀረ አለ?»

«አንድ፤ ከኋላ በኩል።»

መቀሱን ተቀበለቻት። በጥቁር ቀሚሷ በረዶው ላይ ተንበርክካ ቅርንጫፉን በእጇ ፈልጋ አገኘችው፤ ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ቀጥ ያለ። አሁንም ከሁሉ ይልቅ ለዓይኗ ያማረው እሱ ነበር።

ከሥሩ ቆረጠችው።