የቴምቢሳዋ መስኮትና የሙዘሚል ጨጓራ

ጆሃንስበርግ አጠገብ ቴምቢሳ ያለው የሙዘሚል ስፓዛ፣ የሰፈር ትንሽ ሱቅ፣ የሚሸጠው በብረት ፍርግርግ መሃል በተከፈተች ትንሽ መስኮት ነበር። የታችኛው ጠርዟ ከወለሉ ሰማንያ ስምንት ሴንቲሜትር ይርቃል፤ ሱቁን ያሠራው ሰው ተቀምጦ ነበርና የሚሸጠው። ሙዘሚል ግን ቆሞ ነው የሚሸጠው፤ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሰማንያ አራት ነው። መሳቢያው በግራ ስለሆነ ወደ ግራ ተጣሞ፣ አንገቱን አስግጎ ይውላል። ጨጓራውን ያቃጥለዋል።

ይህን የለካሁት በኋላ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ከተማው መሃል ዱርንፎንቴን ባለችው የሕክምና ክፍሌ አልጋ ላይ በደረቱ የተኛ ወጣት ነበር። ኦስቲዮፓት ነኝ፤ ሰውን በእጄ እየዳሰስኩ አጥንቱና ጡንቻው የት እንደታሰረ እፈልጋለሁ።

«የት ነው የሚያምህ?» አልኩት፣ ጀርባውን እየዳሰስኩ።

«ጨጓራ ላይ፣ ዶክተር።»

«ሲርብህ ይብሳል ወይስ ስትበላ?»

«ቆይ፣ ልጠይቀው» ብሎ ስልክ ደወለ።

«ማንን?»

«የታመመውን ነዋ!»

ወጣቱ የሙዘሚል ታናሽ ወንድም ዩሱፍ ነው። በእነሱ ዘንድ ዕቃ ሊያመጣ ወደ ከተማ የሚወርድ ሰው የሁሉንም ጉዳይ ይዞ ይወርዳል፤ ሲም ካርድ፣ የወረቀት ኮፒ፣ የሚሰፋ ጫማ። ዛሬ የወንድሙን ሕመም ጨምሮ ወርዷል።

«ያልመጣ ሰው እንዴት ይመረመራል?» አልኩት።

«አንድ እናት አንድ አባት ነን። ጀርባውም ያው ነው። እሱ ሱቁን ለማንም አምኖ አይወጣም።»

የስልኩ ድምፅ ከፍ ብሎ ነበር። «ዶክተር እህቴ» አለ ሙዘሚል፤ ከኋላው አንዲት ሴት ዳቦ ትጠይቃለች። «አደራሽን፣ ጀርባ ነው በይኝ። የክሊኒኩ ሐኪም ቁስለት ከሆነ ረመዳንን አትፆምም ብሎኛል። መፆም ከጀመርኩ ወዲህ አንድም ቀን አላመለጠኝም። ጀርባ ደግሞ ፆም አይከለክልም።»

እጄ ግን አንድ ነገር አግኝቶ ነበር። ከአምስተኛው እስከ ዘጠነኛው የደረት አከርካሪ፣ በግራ በኩል፣ ጡንቻው ደርቋል፤ ሲተነፍስ የጎን አጥንቶቹ አይከፈቱም። ወደ ጨጓራ የሚሄዱ ነርቮች የሚነሱት ከዚሁ አካባቢ ነው፤ ጨጓራ ሲታመም ቦታው ሊደርቅ ይችላል ተብለን ተምረናል።

«አንተን ሆድህን አያምህም?»

«እኔን? ድንጋይ ብበላ እፈጫለሁ!»

«አገኘችው?» አለ ሙዘሚል።

«አገኘችው! እዚህ ጋ ይዛዋለች!»

«እሱ ነው! ተሰማኝ። ትንሽ ዝቅ በይ።»

ዝቅ አልኩ። ለምን እንደታዘዝኩት እስካሁን አልገባኝም።

«እሰይ!» አለ ሙዘሚል፣ ቴምቢሳ ሆኖ።

እሁድ እኔው ሄድኩ። ከመስኮቷ አልነሳ ስላለኝ እየሸጠ ከኋላው ቆሜ ዳሰስኩት። ያው ቦታ፣ ያው ድርቀት።

«ማሉሜ፣ ማሳጅም ጀመራችሁ?» አለችው አንዲት ደንበኛ በፍርግርጉ አጮልቃ፤ አጎቴ ማለቷ ነው። «ስንት ነው?»

«ዳቦሽን ይዘሽ ሂጂ!» አላትና ወደ እኔ ዞረ። «አላልኩሽም? ጀርባ ነው!»

ከሁለቱ ጋር በመስኮቷ በተራ የሚሸጠውን ሀቢሶን ጠራሁት። እንደ ወንድማማቾቹ ረጅም ነው፤ ዝምድና ግን የላቸውም፤ ሆዱንም አሞት አያውቅም። የእሱም ጀርባ ያው ሆነ። ያኔ ሜትሬን አውጥቼ መስኮቷን ለካሁ።

«ሦስታችሁም አንድ ጀርባ ነው ያላችሁ» አልኩ። «የወለደቻችሁ ይቺ መስኮት ናት። ከሦስታችሁ ግን ጨጓራው የሚያቃጥለው አንተን ብቻ ነው። ስለዚህ ጀርባህ ለጨጓራህ ምስክር አይሆንም። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ ውጠህ መታየት አለብህ።»

«ዩሱፍ ይዋጥልኛ!»

ዩሱፍ በቁም ነገር አሰበበት። «ማክሰኞ እወርድ የለ? እግረ መንገዴን እውጠዋለሁ።»

«እሺ፣ ፆሙንስ?» አልኩት ሙዘሚልን። «ብትከለከል እሱንም ይፆምልሃል?»

ወዲያው ለሼሁ ደወለ። ሼሁ ለረጅም ጊዜ ሳቁ። «በሕይወት ላለ ሰው ማንም አይፆምለትም፣ ልጄ። ሐኪም ከከለከለህ ትበላለህ፤ ስትድን ቀዷውን፣ ያመለጠህን ፆም፣ ራስህ ታወጣለህ።»

ሙዘሚል ስልኩን መሳቢያው ላይ አስቀመጠ። «እንግዲህ በፆሙ ማንም የማይተካኝ ከሆነ» አለ፣ «ቱቦውንም እኔው ልዋጠው።»

ሆስፒታል በሄደ ዕለት ዩሱፍም ሀቢሶም አስታማሚ ሆነው ስለተከተሉት ሱቁ ተዘጋ። ተዘግቶ የማያውቅ ሱቅ ነውና ጎረቤቱ ሙዘሚል ሞቷል ብሎ በሩ ላይ ተሰበሰበ። ሲመለስ አንዲት እናት የቀብር መዝሙር አስጀምረው አገኛቸው፤ እሳቸውም ከጀመሩ አይቀር ብለው ጨረሱት።

ካሜራው ከጨጓራው መውጫ አጠገብ ቁስለት አገኘ፤ ወርዱ ዘጠኝ ሚሊሜትር። ባክቴሪያ ነበር። መድኃኒት ታዘዘለት፤ ረመዳንንም በላ። ከሰው ፊት እንዳይበላ ብሎ ከዱቄት ከረጢቶቹ ኋላ ተደብቆ ሲጎርስ ያየው ሀቢሶ፣ ሌባ እንኳ እንዲህ አይሳቀቅም አለኝ።

በዚያው ወር ብየዳ ሠራተኛ መጥቶ መስኮቷን ወደ አንድ ሜትር ከሃያ ሁለት ከፍ አደረጋት። የሦስቱም ጀርባ ተፍታታ። የሙዘሚል ጀርባ የተፍታታው ግን ጨጓራው ገና እያቃጠለው ሳለ ነው። ይህን ብነግረውም አልተቀበለኝም፤ ዛሬም ለጠየቀው ሁሉ «ጀርባ ነበር» ይላል።

ሐኪሙ በካሜራ ድጋሚ አይቶ ፆም ፈቀደለት፤ ሰኔ ላይ፣ የጆሃንስበርግ ቀን ሲያጥር፣ ቀዷውን ማውጣት ጀመረ። ቁስለቱ በነበረበት ቦታ ካሜራው ያገኘው ነጭ ጠባሳ ወርዱ ሁለት ሚሊሜትር ነው።