የተራቆተው ግማሽ

ሽማግሌው በጉብዝናቸው ዘመን በእርሻ የሚስተካከላቸው አልነበረም። መንገደኛ ሁሉ ቆም ብሎ ትልማቸውን እያየ «ይሄማ በገመድ ተለክቶ ነው» ሳይል አያልፍም ነበር። አፈሩ ተገልብጦ፣ አንዲት ጭራሮ ሳትቀርበት ጥቁር ብሎ ሲታይ ደረታቸውን ይነፉ ነበር። እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው በስተርጅና በምራታቸው ማሳ አጠገብ ሲያልፉ ፊታቸውን የሚያዞሩት።

ማሳው ለዓይን ያስጠላል፤ ለእሳቸው ዓይን ማለቴ ነው። የአምናው ቀርቶ የካቻምናው የበቆሎ አገዳ እንኳ አልተነሳም። ገለባው፣ ቅጠሉ፣ ከአጥር የተመለመለው ቅርንጫፍ ሁሉ መሬቱ ላይ ተነጥፏል። ምራታቸው አታርስም። ገለባውን ገለጥ አድርጋ ትንሽ ጉድጓድ ትምስና በቆሎና አደንጓሬ አንድ ላይ ትዘራለች። ለነገር የማይሰንፈው ጎረቤታቸው፣ ባለ በሬው፣ «መሬቱን በርዶት ነው እንዴ ብርድ ልብስ የደረበችለት?» ብሎ ሲስቅ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ቤት ሲገቡ ግን አንገታቸውን ደፉ።

ዝናቡ እንደሆነ የድሮው ዝናብ አይደለም። ይዘገያል። ሲመጣ ደግሞ የወሩን በአንድ ከሰዓት ዘርግፎ ይሄድና ሁለት ሦስት ሳምንት ድራሹ ይጠፋል። ልጃቸው የሞተ ዓመት ማሳው ጭራሽ ፍሬ አልሰጠም። ያኔ ነው ምራቲቱ አንዲት የግብርና ባለሙያ የነገረቻትን የያዘችው። «አፈሩን አታራቁቺው፤ የለበሰ አፈር ውሃ ይይዛል። ግን ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በሦስተኛው ዓመት ታዪዋለሽ» ብላት ነበር ባለሙያዋ። የመጀመሪያው ዓመት እዚህ ግባ የሚባል ምርት አልተገኘም። ሁለተኛው ትንሽ ሻል አለ። ዘንድሮ ሦስተኛው ነው።

ሽማግሌውን ግን እረፍት የነሳቸው ሌላ ነገር ነበር። ምራታቸው ሳትደብቅ ነግራቸዋለች።

«አባባ፣ ዘንድሮ ለቀለብ የሚሆን ካልገባ ልጅቷን ይዤ ከተማ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ልጄ በረሃብ ስትከሳ ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም። ይቅር ይበሉኝ።»

ስድስት ዓመት ያልሞላት የልጅ ልጃቸው ከሟቹ የቀረችላቸው እሷ ብቻ ናት። የአባቷን አሳሳቅ ቁርጥ አድርጋ ይዛዋለች። እሷ ከሄደች በዚያ ቤት የሚቀሩት እሳቸውና ግድግዳው ናቸው።

ዝናቡ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ልጅቷን ዓይኗን አመማትና እናቷ ከተማ ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ ይዛት ሄደች። ለሦስት ቀን ነው። ሽማግሌው፣ ጊዜው አሁን ነው አሉ። ክፋት አልነበረባቸውም። «ምስኪን፣ የሚያርስላት ወንድ አጥታ ነው እንጂ መች ወዳ በትንንሽ ጉድጓድ ትዘራለች?» ብለው ራሳቸውን አሳመኑ፤ አዘኑላትም።

ከባለ በሬው ጥማድ ለመኑ። ከመንገዱ በኩል ካለው እኩሌታ ጀምረው አገዳውን እየሰበሰቡ ከመሩና እሳት ለቀቁበት። ሦስት ዓመት ሙሉ የተነጠፈው ግማሽ ቀን ሳይሞላ አመድ ሆነ። ከዚያ እርፉን ጨብጠው አረሱ። በተዳፋት ላይ አግድም ማረስ እንደሚገባ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ነገር ግን ትልሙ ለመንገደኛ ቁልጭ ብሎ እንዲታይ ቁልቁል አረሱት። በሁለተኛው ቀን እኩሌታው እንዳለቀ ወገባቸው አሻፈረኝ አላቸው። የቀረውን ትተው ድንበሩ ላይ ተቀመጡ። ልጃቸው ከሞተ ወዲህ እንደዚያን ቀን ተደስተው አያውቁም።

ምራታቸው ልጅቷን አዝላ ስትመለስ ማሳው ዳር ቆመች። ብዙ ቆመች።

«ማን ነው ያቃጠለው?»

«እኔ ነኛ! ላግዝሽ ብዬ።»

የልጅቷን አንቀልባ ጠበቅ አደረገች።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባባ» ብላ ወደ ቤት ገባች።

መንገዱ ደክሟት ይሆናል አሉ እሳቸው።

ዘሩ ተዘራ፣ ዝናቡም መጣ። አንድ ከሰዓት እንደ ጉድ ወረደ። ያ ቀጥ ያለ ትልም ቦይ ሆኖ አፈሩን እየጠራረገ ወደ መንገዱ አወረደው። ሽማግሌው በር ላይ ቆመው፣ አባታቸው ያወረሷቸው አፈር በፊታቸው ሲሄድ አዩ። ከዚያ ሰማዩ ሃያ ቀን ዘጋ። በእሳቸው በኩል ያለው ቡቃያ ቅጠሉን እየጠቀለለ ቢጫ ሆነ። አንድ ጠዋት ማንም እንዳያያቸው ግራ ቀኝ ቃኝተው በወዲያኛው ግማሽ ገለባው ሥር እጃቸውን ሰደዱ። አፈሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። የምድር ትል በጣታቸው መካከል ተንሸራተተ። እጃቸውን ሳያወጡ እዚያው ተንበርክከው ቆዩ።

ምራታቸው ግን ስለ ማሳው አንድ ቃል አልተናገረችም። ምግብ ታቀርባለች፣ ውሃ ታስታጥባለች፣ «አባባ» ትላለች፤ በቃ። ይሄ ዝምታ ከስድብ የባሰ ነበር። ሻንጣዋን በልቧ ያዘጋጀች ሰው ዝምታ መሰላቸው።

አዝመራው ሲሰበሰብ ከለበሰው ግማሽ የገባው የጎተራውን እኩሌታ አለፈ። ከእሳቸው በኩል የተገኘው አንድ ከረጢት አልሞላም። ሽማግሌው ጎተራውን ሦስት ጊዜ ሄደው አዩት። ሁለት ሰው እስከሚቀጥለው አዝመራ ያደርሳል፤ ሦስት ሰው ግን አያደርስም።

በማግስቱ ጠዋት ልብሳቸውን ከረጢት ውስጥ ከተው፣ በትራቸውን ይዘው ወጡ። ምራታቸው ደጅ ቁጭ ብላ በቆሎ ትፈለፍላለች።

«የት ነው በጠዋቱ?»

«ወንድሜ ጋ ልክረም ብዬ ነው። እህሉ ለሁለት ይበቃል። ማሳውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ መሄድም ያለብኝ እኔ ነኝ። አንቺና ልጅቷ እዚሁ ሁኑ።»

በቆሎው ከእጇ ወደቀ። ብድግ አለች። ከተዳረች ጀምሮ ድምጿን ከፍ አድርጋ አናግራቸው አታውቅም።

«ይሄዳሉ? እንዲህ በቀላሉ? ሦስት ዓመት በጀርባዬ እየተሸከምኩ ያለበስኩትን አመድ አድርገው፣ ቁልቁል ተርትረው፣ አሁን ከረጢት አንጠልጥለው ሊሄዱ? ያን ባዶ መሬት ማን ሊያለብሰው ነው? እኔ ብቻዬን? እስቲ አንድ ቀን እንኳ ‹ለምንድን ነው እንዲህ የምትሠሪው?› ብለው ጠይቀውኝ ያውቃሉ?»

ባለ በሬው በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ አየና ቶሎ ተመለሰ። ሽማግሌው እንደ ጥፋተኛ ልጅ ተገትረው ቀሩ። እያንዳንዱ ቃል አመማቸው። ግን ከሕመሙ ሥር ልባቸው ሞቅ እያለ መጣ፤ ጥሎ የሚሄድ ሰው እንዲህ አይቆጣም።

«እህሉስ፣ ልጄ? ለሦስት ያንሳል እኮ።»

«ይነስ! ቀነስ አድርገን እንበላለን።»

ከረጢቱን ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት። እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ሲገባ አልጠረጉትም።

«ለምንድን ነው እንዲህ የምትሠሪው?» አሏት።

በክንዷ ዓይኗን አበሰችና የወደቀውን በቆሎ አነሳች።

«ቁጭ ይበሉ» አለች። እየፈለፈለች ትነግራቸው ጀመር።