ሣር የለመደ ቡችላ

ደገፉ ለቡችላው ያወጣለት ስም «ቢያውቁኝ» ነበረ። ስሙ ለውሻው ሳይሆን ለሰፈሩ ሰው የተነገረ መሆኑን ሶዶ ከተማ ውስጥ ያልገባው አልነበረም። ደገፉ በገዢው ግቢ ደብዳቤ ሲገለብጥ ድፍን አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ዳዊት ደግሟል፤ የእጅ ጽሑፉም ያማረ ነው። የዋና ጸሐፊው ወንበር ባዶ በሆነ ጊዜ ግን የተሾመው ገብረማርያም ሆነ፤ ትናንት የመጣ፣ አጎቱ ከትልልቆቹ ጋር ማዕድ የሚቆርስለት፣ ፊደሉ ዶሮ የጫረችው የሚመስል ሰው። የሹመቱን ደብዳቤ የገለበጠለት ደግሞ ደገፉ ራሱ ነው። «በገዛ እጄ፣ አሳምሬ» ይላል ለሰው ሲያወራ፤ «አሳምሬ» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ድምፁ ይሰበራል።

ቡችላውን የሰጠው ዳልጮ የሚባል የጉኑኖ ገበሬ ነበር። ደገፉ አንድ አቤቱታ ጽፎለት ነበርና፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ስድስት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ሲገባ በቅርጫት አድርጎ አመጣለት። ቀይ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ጠብታ አለበት። ደገፉ በዕድሜው ሳይለምን ያገኘው ነገር ይህ ብቻ መሰለው። እሱና ሚስቱ ልጅ አልወለዱም። ማታ ከግቢ ሲመለስ እግሩ ላይ የሚጠመጠም ፍጥረት ከየትም አላገኘም ነበርና ነፍሱ ቡችላው ላይ ወደቀች።

ችግሩ ግን ወዲያው መጣ። ቡችላውን ውጭ መተው አይቻልም፤ ማታ ከዳሞት ተራራ የሚወርደው ጅብ አለ፣ ቀን ደግሞ የሰፈሩ ጎረምሳ ውሾች አሉ። ስለዚህ ባልና ሚስቱ ወጣ ሲሉ ቤት ይዘጉበታል። ሰው ካለ ጨዋ ነው፤ ተከትሎ ወጥቶ ተከትሎ ይገባል። በሩ ተዘግቶበት ብቻውን ሲቀር ግን ወለሉን ያርሰዋል። ደገፉ ማጅራቱን ይዞ አፍንጫውን እርጥቡ ላይ ያሸዋል፣ በጨንገር ቸብ ያደርገዋል። ሚስቱ ወይንሸት ደግሞ ንጹሕ ሴት ናትና የረጠበውን ጉዝጓዝ ጠርጋ ትደፋና ሽታው እንዲጠፋ አዲስ ለምለም ሣር ታነጥፋለች። ጨንገሩ ያስተማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሣጥኑ ኋላ ተደብቆ መሽናት።

አንድ ቀን ከለቅሶ ሲመለሱ የአልጋው አጎዛ ርሶ ተገኘ። ወይንሸት አጎዛውን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወደ ደጅ አወጣችው፤ ተመልሳም ከባሏ ፊት ቆመች።

«አንቱ ሰው፤ ለኅዳር ሚካኤል ዝክራችን ሃያ ሰው እዚህ ቤት ይገባል። የንስሐ አባታችን ይገባሉ። ገብረማርያም ይገባል።»

«ገብረማርያም እንዳይቀርብኝ» አለ ደገፉ።

«ይቅርም ይምጣም፣ ቤቴ እንዲህ እየሸተተ በር ላይ ቆሜ ግቡ የምልበት ፊት የለኝም።»

«ሕፃን ነው እኮ።»

«ሕፃን ከሆነ እናቱ ጋ ይሂድ። የሚካኤል ዕለት ተሳልመን፣ እንግዳ አስከትለን ስንመለስ አንዲት ጠብታ ባይ፣ በማግሥቱ ዳልጮ መጥቶ ይውሰደው። ጨረስሁ።»

ወይንሸት ጨረስሁ ካለች ጨርሳለች። ሚካኤል አንድ ወር አልቀረውም።

በዚያው ሳምንት አሳየሽ ለዝክሩ ጠላ መያዣ ሁለት አዲስ ገንቦ ተሸክማ መጣች። አሳየሽ ከከተማው ዳርቻ፣ ከቁልቁለቱ በታች የምትኖር ሸክላ ሠሪ ናት። ሸክላ ሠሪ የሰው ቤት ደፍ አያልፍም። ይህን ማን እንደ ደነገገው የሚያውቅ የለም፤ የአገሩ ተወላጅም ከሰሜን የመጣውም በሌላ በሌላው ሲናናቅ ይኖራል፣ በዚህ ግን አንድ ነው። የሠራችው ገንቦ ይገባል፣ ከገንቦው ይጠጣል፤ እሷ ደጅ ትቀመጣለች። አሳየሽም እንደ ልማዷ ከደፉ ውጭ መሬት ላይ ተቀመጠችና ወይንሸት ገንቦዎቹን እያንኳኳች ድምፃቸውን እስክታዳምጥ ጠበቀች። ቁጭ ስትል ዓይኗ ከቡችላው ዓይን እኩል ሆነ። ቡችላው አፍንጫውን ጉዝጓዙ ውስጥ እየነከረ ይዞራል። አሳየሽ በዓይኗ ተከተለችው።

«ይህች ልጅ የት ተወለደች?» አለች። አማርኛዋ ወንዱንም ሴቱንም እንደመጣላት ታደርገዋለች።

«ወንድ ነው» አለች ወይንሸት፤ «ጉኑኖ፣ ዳልጮ ቤት።»

«ከላሞቹ ወገን?»

«ከላሞቹ ወገን። እንግዲህ የእናንተ አገር ቤት ከብቱም ሰውም አንድ ጣራ ሥር አይደል።»

«እኮ» አለች አሳየሽ። «እዚያ ሣር ይነጠፋል። ላሟ ሣር ላይ ትሸናለች፣ እናቱም ሣር ላይ፣ እሷም ሣር ላይ። ጧት የረጠበው ይጠረግና ለእንሰቱ ይደፋል፤ አዲስ ሣር ይመጣል። እናንተም እንዲሁ አደረጋችሁ። በሸናች ቁጥር አዲስ ሣር ታነጥፉላታላችሁ። ቦታዬን አሰናዱልኝ ብላ ነው እኮ። እናንተን ጠልታ አይደለም።»

ወይንሸት ገንቦውን ማንኳኳት ተወች።

ከጥግ ተቀምጦ ሲጽፍ የነበረው ደገፉ ብዕሩን እንደያዘ ቀና አለ። መጀመሪያ ውስጡን ቆጥቁጦታል፤ ማንበብ የሚያውቅ እሱ፣ ስንት ቀን ሙሉ ሲመታና ሲያሽ የኖረ እሱ፣ ከደጅ ከተቀመጠች ሴት ይህን ይስማ? ቅር መሰኘት ለእሱ እንደ መተንፈስ ነው። ነገር ግን የሴትየዋን ፊት ቢያየው ማንንም ያሸነፈች አትመስልም። ዓይኗ አሁንም ቡችላው ላይ ነው።

«እሺ፤ ሣሩን እናንሣ። ሰው ሲኖር ግን አይሸናም። ብቻውን ሲሆን ለምንድነው?» ሲል ጠየቃት።

«እሷ ብቻዋን ሆና አታውቅም። ትፈራለች። የፈራች ደግሞ አትይዝም።» አሳየሽ በጣቷ ገንቦውን ነካች። «ይህን እርጥቡን ወስጄ እሳት ውስጥ ብጨምረው ይፈነዳል። መጀመሪያ ጥላ። ከዚያ ጥቂት ፀሐይ። ከዚያ ብዙ ፀሐይ። እሳት መጨረሻ ነው። እናንተ ገና እርጥብ ሳለች ከእሳት አገባችኋት። ጥቂት ተዋትና ተመለስ። ደግሞ ትንሽ ጨምር። ጨንገሩን ጣል። ስትነቃ አውጣት፣ ስትበላ አውጣት። የረጠበውን ሣር እንሰቱ ሥር አድርግላት፤ ታውቀዋለች።»

ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። ልትሄድ ስትል ዞር አለችና፣ «አፈሩም ጠጥቷል። ካልተፋቀ ይጠራታል» አለች።

ደገፉ በዚያው ቀን ሣሩን ጠርጎ አወጣ፣ እርጥቡን ከጓሮ እንሰቱ ሥር አነጠፈ፣ ሽታ የጠጣውን ወለል በዶማ ፋቀ። ቤቱ የፈረሰ መሰለ። ወይንሸት ከንፈሯን ነክሳ አየችው።

«ጥቂት» የሚባለውን ግን በምን ይለካል? ሰዓት የለውም። ያለው ዳዊት ነው። በሩን ዘግቶ ከአጥር ውጭ ቆመና አንድ መዝሙር በቃሉ ደገመ፤ ተመልሶ ከፈተ። ደረቅ ነው። ቡችላውን ወደ እንሰቱ ወሰደው፤ ቡችላው አሸተተ፣ ተንበርከክ አለና ሸና። ደገፉ የሹመት ደብዳቤ የደረሰው ያህል ደስ አለው። በሁለተኛው ቀን ሦስት መዝሙር ሆነ፣ በአምስተኛው ቀን አንድ ንጉሥ፣ ማለት አሥር መዝሙር። አንድ ቀን ቸኩሎ ሁለት ንጉሥ ቢደግም ወለሉ ርሶ ቆየው። እጁ ወደ ጨንገሩ ሄደ። ጨንገሩ ቦታው የለም፤ ወይንሸት አንድዳዋለች። ቀና ብሎ ቢያያት ዳቦ የምታቦካ መስላ አጎንብሳለች። እሱም ጠረገና በማግሥቱ ወደ ሰባት መዝሙር ተመለሰ።

ገብረማርያም በበቅሎ ሲያልፍ ያገኘው እንዲህ ከገዛ አጥሩ ውጭ ቆሞ ሲያነበንብ ነው።

«ደገፉ፤ ወይዘሮ ወይንሸት አባረሩህ እንዴ?»

«የለም፤ ውሻ እያስተማርሁ ነው።»

«ዳዊት?»

«እንደኔ ዳዊት ደግሞ ሳይሾም ይቀራል ብለህ ነው?»

ገብረማርያም ሳቀ፣ አሽከሮቹም ተከትለው ሳቁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ሳቅ ለደገፉ የዓመት የቂም ስንቅ ነበረ። ያን ዕለት ግን መዝሙሩ ስድስተኛው ላይ ደርሶ ነበርና ቁጥሩ እንዳይጠፋበት ብቻ ተጨነቀ።

ሚካኤል አምስት ቀን ሲቀረው ቡችላው ሦስት ንጉሥ ይችል ጀመር። ወለሉ ግን ገና የተፋቀ እርሻ ነው። ደገፉ ጭቃ አቡክቶ ቢለስነው በማግሥቱ ተሰነጣጠቀ። ወይንሸት አላስቻላትም።

«እንኳን ለዝክር፣ ተራ እንግዳም ሳይጎዘጎዝለት አይቀበሉም። በዚህ አፈር ላይ ነው ገብረማርያምን የማስቀምጠው? ሣር ላድርግበት።»

«ሣር ካደረግሽበት ያው እንደ ገና ነው። ዐዋቂ ሰው ይጠራልኝ ካልሽ፣ አፈር የምታውቀው አንድ ሴት ናት።»

አሳየሽ ተጠርታ መጣች። ከደፉ ውጭ ቆማ አንገቷን አስግጋ ስንጥቁን አየችና፣ «ጭቃው ጾሟል፤ አልበላም። እበትና ጭድ ይፈልጋል፣ ከላይ ደግሞ ቀይ አፈር። እዚህ ላሳይህ፤ አንተ ሥራው» አለች።

«እኔ ሠርቼ አየሽው። ግቢና ሥሪው።»

አሳየሽ እሱን አላየችም። ያየችው ወይንሸትን ነው። ወይንሸት ዘመዶቿ ቢሰሙ የሚሉትን ሁሉ በልቧ ሳትሰማው አልቀረችም። ከዚያ ጎንበስ አለችና መግቢያው ላይ የነበረውን በርጩማ አንሥታ ወደ ጥግ አደረገችው። አሳየሽ ገባች።

ሁለት ቀን ሠራች። ግማሹን አንድ ቀን፣ ግማሹን በሌላው። ጭቃውን ስትለስን መዳፏ ውሃ ላይ የሚሄድ ይመስላል፤ አንድ ጊዜ ያለፈችበትን አትደግመውም። ጭቃው ጠወለግ ሲል ከጉያዋ አንድ ለስላሳ ድንጋይ አወጣች፤ የገንቦ ሆድ የምታሽበት ነው። በዚያች እንቁላል በምታህል ድንጋይ የቤቱን ወለል ሁሉ፣ ከሣጥኑ ኋላ ሳይቀር፣ ተንበርክካ አሸችው። ደገፉ ግቢ ሳይሄድ ቀርቶ አያት። አሥራ አራት ዓመት ፊደል ሲያሳምር ኖሯል፤ ሥራ ያየ ግን ያን ቀን መሰለው። ማንም አያመሰግናትም፣ ስሟን የሚጽፍላት የለም፣ እሷም ይህን አስባ አንድም ጊዜ እጇን አላዘገየችም። የራሱ እጅ ስንት ጊዜ በቂም እንደ ተንቀጠቀጠ አሰበና አፈረ። ሲያልቅ ወለሉ እንደ ታሸ ቆዳ ቀላ፣ ከመስኮቱ የገባው ብርሃን ሄዶ ሄዶ ግድግዳው ሥር ቆመ። ቡችላው ገባ፣ አሸተተ፣ ሣር ፈለገ፣ አጣ። በሩ ጋ ሄዶ ቆመና ደገፉን አየው።

የሚካኤል ዕለት ገና ሳይነጋ ቡችላውን እንሰቱ ሥር አድርሰው፣ ቤቱን ዘግተው፣ በጓጉንቸር ቆለፉና ወጡ። ደገፉ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ አልጸለየም ማለት ይቻላል። ቡችላው የሚችለው ሦስት ንጉሥ ነው፤ ቅዳሴው፣ ታቦቱ፣ ዑደቱ ሲደመር ዳዊት ከዳር እስከ ዳር ተደግሞ ይተርፋል። ካህናቱ ወረብ ባስረዘሙ ቁጥር በጣቱ መዝሙር ይቆጥራል። ወይንሸት ከሴቶቹ ወገን ታየዋለች፤ እሷም ብትሆን ፊቷ የዓመት በዓል ፊት አልነበረም።

ሲመለሱ ሃያው ሰው ከኋላ ነው፤ የንስሐ አባት ከፊት፣ ገብረማርያም በጥለት ኩታው ከጎን። ደገፉ ከወይንሸት ቁልፉን ተቀብሎ ጓጉንቸሩን ከፈተ። በሩ ገርበብ ሲል ቡችላው ተወርውሮ ወጣ፤ ጌታውን አልፎ፣ ቄሱን አልፎ፣ በገብረማርያም ኩታ ሥር ሾልኮ ወደ ጓሮ በረረ። እንሰቱ ሥር ደርሶ ተንበረከከ። ሸና፤ ሸና፤ እንግዶቹ ሁሉ ዞረው እስኪያዩት ድረስ ሸና።

ወይንሸት ቀድማ ገባች። ከሣጥኑ ኋላ አየች፣ ከአልጋው ሥር አየች፣ በመዳፏም ዳበሰች። ደገፉ ደፉ ላይ ቀርቷል።

«ደረቅ ነው» አለች፤ ቀና ሳትል። ቀጥላም ቀስ ብላ፣ «የትም አይሄድም።»

እንግዳው ወለሉ ላይ እግሩን ለማሳረፍ ሳስቶ በሩ ላይ ተከማቸ። የንስሐ አባት ጫማቸውን አወለቁ። ገብረማርያም ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካው።

«እንዲህ ያለ ወለል አዲስ አበባም አላየሁ። ማን ሠራው?»

ደገፉ መልሱ ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። ከደጅ የሚመለስ እንደሚኖርም ያውቃል።

«አሳየሽ፣ ሸክላ ሠሪዋ። እዚህ ገብታ ተንበርክካ ሠራችው» አለ።

ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። አንድ ሽማግሌ ራሴን አሞኛል ብለው ተመለሱ። ገብረማርያም ግን ወለሉን አንድ ጊዜ፣ ደገፉን አንድ ጊዜ አየና ጫማውን አውልቆ ገባ። የቀሩትም ተከተሉት።

አሳየሽ የመጣችው ጠላው ከተቀዳ በኋላ ነው። ጠርተዋታል፤ እሷ ግን እንደ ቀድሞው ከደፉ ውጭ ቁጭ አለች። ወይንሸት ምግብ አቀረበችላት። አሳየሽ እየበላች ሰዉን ሁሉ አልፋ በእግሮቹ መካከል የምታየው የቤቱን ማዕዘን ነው።

«ያቺ ጥግ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አውጥታለች» አለች። «ሳትሰፋ መታሸት አለባት።»

ወይንሸት ዞራ አየች። ስንጥቁ ለእሷ አልታያትም።

«ነገ እኛ የለንም። እኅቴ ወልዳ ቦዲቲ እንወርዳለን፤ የምንመለሰው ማታ ነው» አለች። የጓጉንቸሩን ቁልፍ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ለአሳየሽ ሰጠቻት። «ቤት ያለው ቢያውቁኝ ብቻ ነው። ከፍተሽ ግቢና ሥሪ።»