የያሴኖቮ ሰዎች አሚን

የኦቶማን መንግሥት ከመንደራችን ከያሴኖቮ የወጣው ማክሰኞ ዕለት ነው። ወሬውን የነገረን ጨው ሻጭ ነበር፤ እሱም ጨውን ሽጦ ከጨረሰ በኋላ ነው ትዝ ያለው። ባንዲራ ወረደ፣ ባንዲራ ወጣ፣ ድንቹ ያው ድንች ነው። ችግሩ የመጣው ጁምዓ ሲደርስ ነው።

በጁምዓ ስብከት፣ በኹጥባው፣ መጨረሻ ላይ ኢማሙ ገዢውን በስሙ ጠርተው ዱዓ ያደርጉለታል። ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ የሚጠራው ሱልጣኑ ነበር። አሁን ግን የሞንቴኔግሮ ንጉሥ ገዛን። አዲሱ ሹም ካፒቴን ቩኮታ የመንደራችንን አለቃ ሪዝቫን አጋን አስጠርቶ፣ "ከዚህ ጁምዓ ጀምሮ የሚጠራው የንጉሣችን ስም ነው። የሱልጣኑን ከሰማሁ መስጊዱን አሽጌ ኢማሙን እስር ቤት አወርዳለሁ" አለው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ሲናገር እንኳ አፍሮ ጢሙን ያሻሽ ነበር አሉ።

ኢማማችን ሃፊዝ ቤቺር፣ እኛ ሆጃ የምንላቸው፣ ያኔ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ሪዝቫን አጋና እኔ፣ አዛን ጠሪው ሙአዚናቸው ቻሚል፣ ቤታቸው ሄደን ነገርናቸው።

"ሆጃ፣ የሚለውጡት ስሙን ብቻ ነው" አለ ሪዝቫን አጋ። "አንዲት ቃል ናት።"

"እስቲ አንተ ሚስትህን ለአንድ ቀን በሌላ ሴት ስም ጥራት። እሷም አንዲት ቃል ናት።"

"ሚስቴ እኔን ብትገድለኝ የሚሞተው አንድ ሰው ነው ሆጃ። መስጊዱ ከተዘጋ ግን መንደሩ ነው የሚሞተው።"

ኢማሙ እምቢተኛ ሆነው አይደለም። ኹጥባውን ገና በልጅነታቸው በቃላቸው ይዘውታል፤ አፋቸው ወፍጮ ቤት እንደለመደች አህያ ራሱ ይሄዳል። ከሦስት ዓመት በፊት ሱልጣኑ ከዙፋን ሲወርድ እንኳ የአዲሱን ስም ለመልመድ አምስት ወር ስለፈጀባቸው፣ የወረደው ሰውዬ በያሴኖቮ አምስት ወር ተጨማሪ ነግሧል። ሁለት ቀን ሙሉ አስጠናኋቸው። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ንጉሡን ጥርት አድርገው ይጠሩታል፤ መስበኪያው ሚንበር ላይ ሲወጡ ሱልጣኑ ይመጣል።

ሐሙስ ዕለት መላ ያገኘው ሪዝቫን አጋ ነው። በዕድሜው አስቦ ያገኘው ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬም ይኮራበታል።

"ስሙ ጋ ሲደርሱ ሁላችንም አሚን ብለን እንጮሃለን" አለኝ። "ስሙ ይዋጣል።"

"ኹጥባ ላይ መጮህ ነውር ነው።"

"መታሰሩስ? አንተ ደግሞ ጩኸት እንጀራህ አይደለም እንዴ? ጩህ።"

ጮህን። ባለወፍጮው ስማዮ ቸኩሎ፣ ኢማሙ ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ብቻውን አሚን አለ። ስሙ ጋ ሲደርሱ ግን መቶ ሃያ ወንድ ባንዴ ሲጮህ እርግቦቹ ከጣሪያው ላይ በረሩ። በር ላይ የቆመው ካፒቴን ቩኮታ ዓይኑ እንባ ሞላ። ንጉሡን እንዲህ የሚወድ መንደር አላየሁም ብሎ ለበላዮቹ ጻፈ።

ከዚያ በኋላማ ነገሩ ገበታ ላይ እንደመቅረብ ቀላል ሆነልን። ኦስትሪያዎች መጡ፤ ለንጉሠ ነገሥታቸው አሚን አልን። እሱ ሞቶ ሌላ ተተካ፤ አልተቸገርንም። ኦስትሪያዎች ሄደው ቤልግሬድ ያለው ንጉሥ ገዛን፤ አሚን። ጌታ ተለዋወጠ፣ አሚናችን አልተለወጠም። ሌሎች መንደሮች ስም ሲያጠኑ እኛ ጉሮሯችንን በማር እናለሰልስ ነበር።

ጣጣው የመጣው ከዝናችን ነው። በዘጠነኛው ዓመት የአውራጃው አስተዳዳሪ ስለ ታማኝነታችን ሰምቶ ከከተማ ድረስ በፈረስ መጣ። ጁምዓ ዕለት ጫማውን አውልቆ መስጊዱ ውስጥ ከኋላ ተቀመጠ።

"ጩኸታችሁ ከወንዙ ማዶ ይሰማል ብለውኛል" አለ። "ዛሬ ግን ዝም በሉ። የንጉሡን ስም በገዛ ጆሮዬ ልስማ።"

የሪዝቫን አጋ ፊት እንደ አይብ ነጣ። እኔም ፈራሁ። ኢማማችን ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ እስር ቤት ከገቡ አይወጡም።

ሚንበሩ ላይ ወጡ። ስሙ ጋ ደረሱ። መስጊዱ ጸጥ ከማለቱ የተነሳ የስማዮ ሆድ ሲጮህ ተሰማ።

"አላህ ሆይ" አሉ፣ "ባሪያህን ራጊብን ጠብቀው። ወደ ቤቱ መልሰው።"

ሱልጣን የለም፤ ንጉሥም የለም። አስተዳዳሪው ተነሳ። "ራጊብ ማነው? የትኛውን አገር ነው የሚገዛው?"

የመለስኩት እኔ ነኝ። "ልጃቸው ነው ጌታዬ። በእርጅና ያገኙት አንድ ልጅ። ሱልጣኑ ለወታደርነት የመን ወስዶት በዚያው ቀረ። አሥራ ሰባት ዓመት ሆነው።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው እሱን የሚጠሩት?"

ኢማሙ ከላይ ሆነው ራሳቸው መለሱ። "እነዚህ መጮህ ከጀመሩ ወዲህ። ሰው ካልሰማኝ ምን አስፈራኝ ብዬ የልቤን አልኩ። ይህን ስም ማንም ማስጠናት አላስፈለገውም። ንጉሥ የሚጠራው አያጣም። ራጊብ ከእኔ ሌላ ማን አለው?"



"ንጉሡም ይጠራ" አለ አስተዳዳሪው። "ሕግ ነው።"

"ይጠራ" አሉ ኢማሙ። "ከራጊብ ቀጥሎ። ዘግይቶ ነው የመጣው፣ ወረፋ ይጠብቅ።"

አስተዳዳሪው ሳያስበው ሳቀ። ስለ እስር ቤትም ስለ ማሸግም ምንም ሳይል ተመልሶ ተቀመጠ።

እኔ ግን አፈርኩ። ጎረቤታቸው ነኝ፣ ሙአዚናቸው ነኝ፤ አንድ አባት ልጁን ሲለምን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሁሉ በላይ የጮህኩበት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ጁምዓ ኢማሙ ንጉሡን ሲጠሩ እንደ ልማዳችን ጣሪያው እስኪነቃነቅ ጮህን። ከዚያ በፊት ራጊብን ሲጠሩ ግን መቶ ሃያ ወንድ አንገቱን ደፍቶ ቀስ ብሎ አሚን አለ። ስማዮ ብቻ ዘገየ፤ እያለቀሰ ነበር።