ኢንገር የጠየቀችው ጥያቄ

ኦርሁስ ከተማ ውስጥ ታሪክ የምታስተምረው ኢንገር፣ ተማሪዎቿ የሰው ጽሑፍ እየገለበጡ ቢያስቸግሯት፣ እያንዳንዳቸውን ቢሮዋ እየጠራች ስለጻፉት በቃል መጠየቅ ጀመረች።

ማልተ የሚባል ተማሪ ፊቷ ተቀመጠ።

«ሦስተኛው ገጽ ላይ ‹የመሬት ሥሪት› ብለሃል። ምን ማለት ነው?»

ማልተ ወረቀቱን ወደ ራሱ ስቦ ገጹን ያገላብጥ ጀመር።

«ይህን አንተ አልጻፍከውም።»

«ሁሉም ይገለብጣል። እኔን ብቻ ነው ያየሽው?»

«ሁሉንም እየጠየቅኩ ነው።»

ወንበሩን አንስቶ ወረወረባት። ልትመክት ባነሳችው ክንዷ ላይ አርፎ አጥንቷን ሰበረው። ጸጉሯን ጨምድዶ ግንባሯን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨው፤ ደሟ ወረቀቱ ላይ ፈሰሰ። ጎረቤት ቢሮ ያለው ስቬን ሮጦ ገብቶ ከላይዋ ጎትቶ ጣለው።

ማልተ ታሰረ። ኢንገር ክንዷ በጀሶ እንደታሰረ ሥራዋ ተመለሰች።

«አሁንስ ጥያቄውን ብትተዪው?» አላት ስቬን።

«ብተወው በዱላ አሸነፈኝ ማለት ነው።»

በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ቀጣዩን ተማሪ ጠራች።