ከዲቪዲው የተቆረጠው ቁጣ

እማዬ ካረፈች ዓመት ሆናት። አባዬ እሷን የቀረጸበትን ቪዲዮ ስልክ ላይ ማየት አይሆንለትም። ስለዚህ በድሮው ማጫወቻ እንዲያያት ብዬ፣ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት በሚሠራው ኮምፒውተሬ ላይ በነፃ የሚገኝ የዲቪዲ መሥሪያ ፕሮግራም ጫንኩ። የተንቀጠቀጡትን ቦታዎች ቆርጬ፣ የሚያየውን ክፍል የሚመርጥበት ገጽ ሠርቼ ዲስክ ላይ ቀዳሁለት።

አባዬ እስከ መጨረሻው አየው።

«እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ። ግን የተቆጣችኝስ የት ሄደ?»

«የቱ?»

«ልብስ ስትሰፋ ስቀርጻት፣ ‹አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ነገር ከፊቴ አንሳልኝ!› ያለችኝ ነዋ።»

«እሱማ ካሜራው ስለተንቀጠቀጠ ቆረጥኩት።»

«እየሳቅኩ እኮ ነው የተንቀጠቀጠው» አለኝ ቅር ብሎት።

ዋናው ቅጂ ኮምፒውተሬ ላይ ስለነበር በማግስቱ ቁጣዋን መልሼ አስገባሁና መምረጫው ገጽ ላይ አንደኛ አደረግኩት። እማዬ ገና ስትቆጣው አባዬ «እሺ፣ አነሳሁ» አላትና በሪሞቱ እንደገና ወደ መጀመሪያው መለሳት።